ቃለ ጉባኤ ላይ የሌለችው እንግዳ

ፋሲካ አልፎ ዶሮው ከተበላ፣ ገበታውም ወደ ሽሮው ከተመለሰ በኋላ ገሳይ ላይ አንድ ስብሰባ አይቀርም። ጥሪው በልጅ ነው። «እማዬ፣ ማታ እነ እትዬ ቤት ቡና አለ ብለውሻል» ይላል መልእክተኛው ከደጅ ሆኖ፤ መልስ ሳይጠብቅም ወደሚቀጥለው አጥር ይሮጣል። ቡናው ሰበብ መሆኑን ጠሪዋም ተጠሪዋም ያውቃሉ። ግንቦት 1 እየደረሰ ነው፤ የልደታ ነገር መቆረጥ አለበት።

ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጉና ተራራ ጎረቤቷ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ ብርዱም ከዚያው ይወርዳል። ሌላው አገር በግንቦት ሙቀት ሲነጫነጭ የገሳይ ሰው ጋቢውን ደርቦ ድንቹን ይኮተኩታል። እንግዲህ በዚህ አገር ነው «ቤት አይበላም፣ ሜዳ እንውጣ» የሚባለው።

መውጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ኢያቄምና ሐና ልጅ ሳይወልዱ ብዙ ዘመን ኖረው፣ እመቤታችን የተወለደችላቸው ከቤታቸው ርቀው፣ በሊባኖስ ተራራ ነው። በዓሉም ከቤት ውጭ የሚከበረው፣ ንፍሮ የሚበላውም ለዚህ ነው ይባላል። ቅድስት ሐና በዚያ ተራራ ላይ ሽንኩርት ስታቁላላ አልዋለችም፤ ሜዳ ላይ የሚገኘው እህል ነው።

ቀኑም ለደጋሽ የተመቸ ነው። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። መጨረሻው ላይ ቢውል እንኳ ልደታ በማግስቱ ናት፤ መጀመሪያው ላይ ቢውል ደግሞ በዓለ ኀምሳ እስከ ግንቦት 15 ይዘልቃል። ስለዚህ ግንቦት 1 ረቡዕም ትዋል ዓርብ፣ ጾም አያገኛትም። የቀን መቁጠሪያው ራሱ በግ ፈቅዷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቸር ቀን በዓመት ውስጥ ብዙ የለም።

ስብሰባው ሊቀመንበር አይመርጥም። ሁለት ሴቶች እኩል መናገር ሲጀምሩ የትኛዋ እንደምትተው ሁሉም ስለሚያውቅ ምርጫ አያስፈልግም። ጸሐፊ ግን አለ፤ የባለ ቤቷ ልጅ ነው፣ ዐሥረኛ ክፍል፤ የሒሳብ ደብተሩን ከኋላ ገልብጦ «ቃለ ጉባኤ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ጠላ ዛሬ ተጠንስሶ ነገ የሚደርስ ነገር ስላልሆነ ጠማቂዋ በቅድሚያ ትለያለች። ድፎውን ሁለት ቤት ይካፈለዋል። እንጨቱ የጎረምሶቹ ዕዳ ነው። ትልቁ ብረት ድስት ከዕድር ይወጣል፤ ክዳኑ ባለፈው ዓመት የማን ቤት እንደቀረ ሲጣራ አቦሉ ያልቃል። ለንፍሮው ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ስንዴ፣ ባቄላና አተር በጣሳ ያዋጣል። ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

«አምና ባቄላው አልበሰለም ነበር» ትላለች አንዷ፣ ማንንም ሳታይ።

«የእኔን ነው?»

«ስም ጠራሁ?»

«ዓይንሽ ጠርቷል።»

ለተከሳሿ የሚቆምላት ሳይንስ አለ። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 3,000 ሜትር ላይ ግን 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላና ከዚያ ወዲያ አልሞቅም ይላል። ደጋ ላይ እሳቱን ማንደድ ድስቱን ያንተከትከዋል እንጂ ባቄላውን አያባብለውም። ባቄላ የሚያባብለው ማታውኑ ዘፍዝፎ ማሳደርና ትዕግሥት ነው። ይህን በስብሰባው ላይ የሚያነሣ የለም። ጥፋቱ በከፍታው ከተሳበበ ሊታማ የሚችል ሰው አይኖርማ።

ቀጥሎ ድንች ይነሣል። አንዲት ከደብረ ታቦር ተድራ የመጣች ወጣት «አገሩ ድንች በድንች ነው፤ ለምን አብሮ አይቀቀልም?» ትላለች። ትልልቆቹ ይተያያሉ። «ድንች ንፍሮ ነው እንዴ ልጄ?» ድንች ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1858 ገደማ፣ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት አካባቢ ነው። ዛሬ በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው የፋርጣ ደጋ ያለ ድንች አይታሰብም፤ ገበያውም ጓዳውም የእሱ ነው። ለልደታ ድስት ግን ገና እንግዳ ነው፤ መቶ ስድሳ ዓመት ኖሮ እንኳ የባልትና ዜግነት አላገኘም። በመጨረሻ አስታራቂ ሐሳብ ይመጣል። ድንቹ ለብቻው ይቀቀል፣ ለልጆች ይሰጥ፣ ንፍሮ ተብሎ ግን አይጠራ። ጸሐፊው «ድንች በተጋባዥነት» ብሎ ይጽፋል።

ብሩ ብዙ አያጨቃጭቅም። አዲስ አበባ የሚኖር የሰፈሩ ልጅ በቴሌብር ይልካል፤ ከብሩ ጋርም ምክር ይልካል። በጉ ወፍራም ይሁን፣ ቡናው ሲፈላ ቪዲዮ ይቀረጽ፣ ቆሻሻ እንዳይጣል። ብሩ ይመዘገባል፤ ምክሩ በምስጋና ይታለፋል።

ወደ በጉ እንምጣ። የፋርጣ በግ በእንስሳት ተመራማሪዎች ዘንድ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ የተመዘገበ፣ ስም ያለው በግ ነው። ጸሐፊው «አንድ በግ» ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል ከጥግ የተቀመጡት አሮጊት «ምን ዓይነት?» ይላሉ። ቀይ የሚሉ አሉ፤ ገብስማ የሚሉ አሉ፤ አንዷ ደግሞ «እናቴ በነበረችበት ጊዜ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነበር» ብላ ማስረጃ ታቀርባለች። ልጁ እስክሪብቶውን አንሥቶ ይጠይቃል።

«ለመብላት ከሆነ ቀለሙ ምን ያደርጋል?»

ዝም ይባላል። ረከቦቱ ላይ ስኒ ይስተካከላል። ከሰል ይቆሰቆሳል።

«አንተ ብቻ ጻፍ» ይላሉ አሮጊቷ።

ልጁ ይጽፋል፤ ያልጻፈው ግን የስብሰባው ዋና ጉዳይ ነው። ለግንቦት ልደታ የሚጠራው ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ አድባሯም አለችበት። የበጉ ቀለም የእሷ ምርጫ ነው። ዛፉ ሥር የሚጎዘጎዘው ቄጤማ፣ ግንዱ ላይ የምትቀባው ቅቤ፣ ከአቦሉ መሬት ላይ ጠብ የምትደረገው ለእሷ ነው። እሷም በበኩሏ በረዶውን ከሰብል፣ በሽታውን ከከብት፣ ክፉውን ከልጅ ትመልሳለች ተብሎ ይታመናል። ይህ ሁሉ በየዓመቱ ይደረጋል፤ በቃለ ጉባኤ ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። «እናንተ አድባር ታመልካላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከሁሉም አፍ አንድ መልስ ያገኛል። «ኧረ በስመ አብ! እኛ ለእመቤታችን ነው።» ውሸትም አይደለም። ለእመቤታችን ነው፤ አድባሯም ብትመጣ አትባረርም።

ቦታ መረጣ የሚባል ነገር የለም፤ ዛፉ የታወቀ ነው። አንዱ ሰፈር ኮሶ አለው፣ አንዱ ያረጀ ወይራ፣ አንዱ የሐበሻ ጥድ። ባሕር ዛፍ ግን አድባር ሆኖ አያውቅም። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን መጥቶ አገሩን ሁሉ ሞልቶታል፤ በፋርጣ ኮረብታዎችም ላይ ከማንኛውም ዛፍ ይልቅ የሚታየው እሱ ነው፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ተቆርጦ ባሕር ዳር ላይ የፎቅ መወጣጫ በሚሆን ዛፍ ላይ ጎጆ የምትወጣ መንፈስ የለችም። እሷ የምትፈልገው ቋሚ ይዞታ ነው።

ይህ ጥንቃቄ የገሳይ ብቻ መስሎ እንዳይታይ። በአየርላንድ ክሌር በሚባለው አውራጃ ላቱን በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1999 አውራ ጎዳና ሲቀየስ አንድ የእሾህ ዛፍ መንገዱ ላይ ተገኘ። ኤዲ ሌኒሃን የሚባል ተረት ነጋሪ «ይህ የመናፍስት መሰብሰቢያ ነው፤ ብትቆርጡት አደጋ አይለያችሁም» ብሎ በጋዜጣ ጮኸ። መሐንዲሶቹ ነገሩን ተከራክረው ዛፉ እንዲተርፍ አደረጉ። አየርላንዶች ለእነዚህ መናፍስት የሚሰጡት ባሕርይም ከእኛዎቹ አይርቅም። ቶሎ ይቀየማሉ፣ ስማቸው በከንቱ ሲነሣ አይወዱም፣ ስጦታ ይወዳሉ። በፈረንጅ ግንቦት መባቻ ላይ ቅቤ ይሰርቃሉ ተብለው ደግሞ ይታማሉ፤ በዚያን ቀን የድሮ አየርላንዳዊት ባለ ላም ወተቷንና መግፊያዋን ስትጠብቅ ነበር የምትውለው። የገሳይ ሴቶች በእኛው ግንቦት መጀመሪያ ቅቤውን ራሳቸው ይዘው ሄደው ለአድባሯ ይቀቡላታል። ሌብነት የሚመጣው ቀድሞ ካልሰጡ ነው፤ አየርላንዶች ይህን የነገራቸው አልነበረም።

የማይታዩት ከየት እንደመጡ የሚነገረው ታሪክም ከተራራ ተራራ ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጎንደር ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛርን አፈጣጠር እንዲህ መዝግቧል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወለደች። አንድ ቀን ፈጣሪ ልጆቿን ሊቆጥር መጣ። ፈራችና ዐሥራ አምስቱን ቆንጆዎች ደበቀቻቸው። ፈጣሪም ይህን ዐወቀ፤ የተደበቁት እንደተደበቁ እንዲቀሩ ፈረደ። እነዚያ ናቸው ዛሮቹ፤ ውቦች፣ የማይታዩ፣ በሚታዩት ወንድሞቻቸው ላይም ሥልጣን ያላቸው። አይስላንድ በምትባለው የበረዶ ደሴት ላይ ደግሞ ስለ «ስውር ሕዝቦቻቸው» የሚነገረው ታሪክ ያው ነው ማለት ይቻላል። ሔዋን አለች፣ ልጆች አሉ፣ ፈጣሪ ለጉብኝት ይመጣል፣ ልጆች ይደበቃሉ፣ ፍርዱም ያው ነው። ልዩነቱ ምክንያቱ ላይ ነው። የአይስላንዷ ሔዋን የደበቀቻቸው ገና ስላላጠበቻቸው፣ ቆሻሻ በመሆናቸው አፍራ ነው። የእኛዋ የደበቀችው ቆንጆዎቹን ነው፤ ቆጠራ ፈርታ። መዝጋቢ በመጣ ቁጥር ግማሽ ልጅ የሚጠፋበት አገር ሰው ይህን ሲሰማ የመጀመሪያዋን እናት ይበልጥ ይወዳታል።

ስለ ዛርና ስለ ወጪው ከተነሣ የሚሸል ሌሪስ ነገር አይታለፍም። ሌሪስ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ገብቶ ወራት ተቀመጠ። መልካም አያሁ ከሚባሉ ስመ ጥር ባለ ዛር ቤት ቡና ሲጠጣ፣ ዛሮቹ ሲወርዱ ሲያይ፣ የሰማውን ሁሉ ማታ ማታ ሲጽፍ ከረመ፤ ማስታወሻውም በ1934 በመጽሐፍ ወጣ። አውሮፓዊው ሊቅ ለማየት ብቻ መጥቶ ብዙም ሳይቆይ የመሥዋዕት በግና ዶሮ ገዢ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቀለም ነው የምትፈልገው ሲሉት ይገዛል፤ አይደለም ይህኛው ነው ሲሉት እንደገና ይገዛል። የቡድኑ አባላት የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች አንሥተው በቦታቸው ቅጂ ተክተው ወደ ፓሪስ ወስደዋል። ዛሮቹን ግን መውሰድ አልቻሉም፤ ይልቁንም የከፈሉት እነሱ ናቸው። የገሳይ ገንዘብ ያዥ ይህን ታሪክ ብትሰማ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የምትጠይቀው። በጉን ስንት ገዛው?

ዛሬ በአውሮፓ እንዲህ ያለው የሜዳ ድግስ ዘመናዊ አዘጋጅ አለው። ኤድንብራ ከተማ ካልተን በሚባለው ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጅ ሚያዝያ ማብቂያ፣ በግንቦት ዋዜማ፣ ችቦ ይዘው፣ ፊታቸውን ቀይና ሰማያዊ ተቀብተው የበጋውን መግባት የሚያከብሩ አሉ። ትኬት አለው፣ ጥበቃ አለው፣ ልምምዱ ወራት ይፈጃል። ደብረ ታቦርም ብትሆን ነሐሴ 13 ለቡሄዋ እንዲሁ ሆናለች፤ ባነሩ ይሰቀላል፣ ቲሸርቱ ይታተማል፣ የክብር እንግዳ ንግግር ያደርጋል፣ ጅራፉ በካሜራ ፊት ይጮኻል። ከተማዋ በስም የምትጋራው በዓል ስለሆነ ቢበዛባት አይፈረድባትም። ግንቦት ልደታ ግን እስካሁን ቲሸርት አላሠራችም። ስፖንሰር ቢመጣ እንኳ የት ላይ ይጻፍለታል? ዛፉ ላይ ለመለጠፍ የሚደፍር የለም።

አሁን ወደ ቄሱ። ቄሱ ይጠራሉ፤ ካልተጠሩ ነውር ነው። ሲመጡ ሁሉም ይነሣል፣ መስቀል ይሳለማል፣ ድፎው ይቀርባል። ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው፣ ስለ እመቤታችን ልደት አጠር ያለ ትምህርት ይሰጣሉ። በመሀል ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዛፍ ሥር ቅቤ መቀባት ግን የአባቶቻችን ሥርዓት አይደለም» ይላሉ፤ ዓይናቸው በትክክል ወደ ግንዱ አያይም። ሴቶቹም «ይቅር ይበለን አባ» ይላሉ። ቅቤዋ በዚያን ሰዓት በአንዷ ነጠላ ጫፍ ተቋጥራ ትጠብቃለች። አባ ንፍሮ ዘግነው፣ ጠላ ጠጥተው፣ «ሌላ ቤት ይጠብቁኛል» ብለው ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠብቃቸው ቤት የለም። እንዲህ ያለ መግባባት በጽሑፍ ስምምነት አይገኝም።

ጊዜው ሁልጊዜ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደስክና ዲኖ የተባሉትን መናፍስት ያመለከ ሰው ላይ ምሕረት አልነበራቸውም፤ ክርስቲያኑ ሁሉ ሰይጣንን መካዱን በእጁ ላይ እንዲጽፍ አዝዘው ነበር፤ በዚሁ ክስ የገዛ ልጆቻቸውን እንኳ አልማሩም። ደስክና ዲኖን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። አድባሯ ግን አምስት መቶ ዓመት አልፎም የበጓን ቀለም ትመርጣለች።

አንድ ነገር ግን ቄሱንም አሮጊቷንም አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሁለቱም ዛፍ አያስቆርጡም። ከደብረ ታቦር ወደ የትኛውም አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው የሚያየው አንድ ነው፤ የታረሰ ኮረብታ፣ የታረሰ ሜዳ፣ በመሀሉ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ክብ፣ በክቡ መሀል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። አንባቢ በ«እመጓ» ልቦለዱ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ነው። በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥሯል፤ የዶክትሬት ሥራውንም በ2007 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቅርቧል። በኋላም ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ጋር ሆኖ ቀሳውስቱንና ገበሬውን አነጋግሮ በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርጓል። ካቡ ከብት ያስቀራል፣ ችግኝ ያድናል፤ ድንጋዩ ደግሞ ከማሳ ስለሚለቀም ገበሬው እግረ መንገዱን እርሻውን ያጸዳል።

168 ዝርያ የተረፈው በአጥር ውስጥ ነው። ከአጥሩ ውጭ ግን አንድ ኮሶ እዚህ፣ አንድ ወይራ እዚያ፣ ብቻቸውን የቆሙ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የላቸው፣ ካብ የላቸው፣ የደን ጥበቃ ሠራተኛ አያውቃቸው። መጥረቢያ የያዘ ሰው አጠገባቸው ደርሶ የሚመለሰው አንድ ቀን ቅቤ የተቀባውን ግንድ ስላየ ነው። የገጠር ግብርና ባለሙያዎች ነባር ዛፍ እንዳይቆረጥ ስንት ስብሰባ ጠርተው፣ ስንት አበል ከፍለው ያላገኙትን ውጤት፣ አንዲት ማንኪያ ቅቤ በዓመት አንድ ጊዜ ታስገኛለች። ይህን ሐሳብ ለቄሱ ማቅረብ ግን አይመከርም። ለአሮጊቷም ቢሆን አይመከርም፤ «እኛ መቼ ቅቤ ቀባን?» ነው መልሱ።

ቀኑ ይደርሳል። ሌሊቱን ባቄላው ተዘፍዝፎ አድሯል፤ አምና የታማችው ሴት የራሷን በተለየ ዕቃ ዘፍዝፋ፣ ጠዋት በሰው ሁሉ ፊት አንዷን ፍሬ በጣቷ ተጭና ለሁለት ሰንጥቃ አሳይታለች። ሦስት ጉልቻ ተተክሎ ብረት ድስቱ ተጥዷል፤ ክዳኑ ስላልተገኘ ትሪ ተደፍቶበታል። እንፋሎቱ በትሪው ጠርዝ ሾልኮ የስንዴና የአተር ሽታ ይረጫል። ልጆች ድንቹን ገና ትኩስ ሳለ እየነጠቁ ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጡታል። ጎረምሶቹ በጉን ከጨረሱ በኋላ ብልት አወጣጥ ላይ ይከራከራሉ። ቀለሙ መጨረሻ ላይ ምን ሆነ? ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ ሁለቱም ወገን አሸንፈናል ይላል። ረከቦቱ ቄጤማ ላይ ነው፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አቦሉ ሲቀዳ አሮጊቷ የመጀመሪያዋን ስኒ ይዘው ወደ ዛፉ ጀርባ ዞር ይላሉ፤ ሲመለሱ ስኒዋ ባዶ ናት። ማንም አይጠይቅም። ጸሐፊው ብቻ ደብተሩን እንደያዘ ተከትሏቸው ሊሄድ ብሎ በእናቱ ዓይን ተመልሷል።

ቶናው ሳይቀዳ ጉና ላይ ደመና ይጠቁራል። የግንቦት ደመና ደጋ ላይ ሲጠቁር ዝናብ ብቻ ይዞ አይመጣም። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እንደ ሽምብራ የሚያህል በረዶ ትሪው ላይ መንኳኳት ሲጀምር ሁሉም የያዘውን ይዞ ይነሣል፤ ድስቱን አራት ሰው ያነሣዋል፣ ጀበናዋ በነጠላ ትሸፈናለች፣ በቅርቡ ወዳለው ቤት ሩጫ ይሆናል። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ይቆማል። የልደታ ንፍሮ ቤት ገብቶ አይበላም።

«ታዛው ላይ እንብላ» ይላል አንዱ ጎረምሳ።

«ታዛ ቤት አይደለም እንዴ?»

«ግድግዳ የለው!»

«ጣራ አለው።»

«ዛፉስ ጣራ አልነበረም?»

ይህች ክርክር ቀላል አይደለችም። ጣራ ማለት ቤት ከሆነ ዛፍ ሥር መቀመጥም አጠያያቂ ነው፤ ግድግዳ ማለት ቤት ከሆነ ታዛ ሜዳ ነው። አባ ቢኖሩ ይፈርዱ ነበር፤ አባ ግን ወደማይጠብቃቸው ቤት ሄደዋል። በረዶው ይወርዳል፣ ንፍሮው ይቀዘቅዛል፣ ሠላሳ ሰው በአንድ ታዛ ሥር ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ እግሩን ወደ ዝናቡ ዘርግቶ ይቆማል። አሮጊቷ በመጨረሻ አንድ እግራቸውን ከታዛው አውጥተው፣ እርጥብ መሬት ላይ ረግጠው፣ ከድስቱ ይዘግናሉ። ሌላውም አንድ እግሩን አውጥቶ ይዘግናል። በዚህ አኳኋን ንፍሮው ያልቃል።

ስብሰባው እዚያው ታዛው ሥር ይቀጥላል፤ ለከርሞ ሸራ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል ነው። የደብረ ታቦሯ ሙሽራ «አራት ቋሚ ላይ ብንወጥረው ዛፉን አይነካም» ትላለች። «ሸራ ጣራ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና እንዳይነሣ ገንዘብ ያዥዋ ቶሎ ብላ መዋጮውን ትናገራለች፤ በየቤቱ 100 ብር። ጸሐፊው በረጠበው ገጽ ላይ «ሸራ፣ 100 ብር፣ በየቤቱ» ብሎ ይጽፍና «ማን ይግዛው?» ሲል፣ ባለ ባቄላዋ እጇን ታወጣለች። ዘንድሮ አንድም ጥሬ ፍሬ አልተገኘባትምና የሚቃወማት የለም።